መቶ አርባ

የካቲት 12 ቀን 2010፣ ሰኞ

"ጻፊው" አለኝ የጆሮ ሐኪሙ። "መቼ እንደሚብስ፣ መቼ እንደሚሻልሽ፣ ምን በልተሽ ምን ጠጥተሽ እንደነበር። ሦስት ወር ጽፈሽ አምጪልኝ።" ልጅ እግር ነው። እኔ ማዋለድ ስጀምር እሱ ገና አልተወለደም፤ ምናልባትም እኔው አዋልጄው ይሆናል። ይህን ደብተር አምና ከአንድ ስልጠና ነው ያገኘሁት። አንድም ገጽ አልተጻፈበትም፣ ከስልጠናውም የያዝኩት ነገር የለም።

ጆሮዬን በመብራት አየና "ንጹሕ ነው" አለኝ። ቆሻሻ ነው ብሎ አጥቦ ይሸኘኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ሹካ የመሰለች ብረት ጉልበቱ ላይ መታና ጆሮዬ አጠገብ ያዛት። "ድምፁ ሲያልቅ ንገሪኝ" አለ። አያልቅም። የብረቷ ድምፅ ሲሄድ የኔው ይቀጥላል፤ የቱ የማን እንደሆነ በምን ልለይ? ዓይን ዓይኑን አየሁት። ቅንድቡን ትንሽ ከፍ ሲያደርግ "አለቀ" አልኩት። "ጎበዝ" አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስመረምር ኖሬ፣ ሐኪም ምን መስማት እንደሚፈልግ ካላወቅሁማ ምኑን ሠራሁት።

ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የገረመኝ። የሄድኩት ለራሴ ሕመም ነው። ማንን ነው ያታለልኩት? በማሽን እንድመረመር ሐዋሳ ሂጂ ብሎ ወረቀት ጽፎልኛል። እሺ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።


የካቲት 14፣ ረቡዕ

ጠዋት፦ የጆሮዬ ጭውታ ሊፈላ የደረሰ ማንቆርቆሪያ ዓይነት። ቀትር ላይ ረሳሁት። ማታ ብሷል፤ ግራው ከቀኙ ይብሳል። ቡና አንድ ሲኒ። እሺ፣ ሦስት።

ጭውታው ለኔ አዲስ አይደለም። ወጣት ሳለሁ ዱስ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ያለች መንደር ተመድቤ ስሠራ ወባ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ትጥለኝ ነበር። ኪኒን ስውጥ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ኪኒኑ ሲያልቅ ጩኸቱም ያልቃል። "የኪኒን ጆሮ" እያልን እንሳሳቅበት ነበር። አሁን ኪኒን ከቀመስኩ ስንት ዘመኔ።


የካቲት 18፣ እሑድ

ጸሎት ቤት የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስፒከሮቹ ቁመታቸው ሰው ያክላል። መዝሙሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ እኔ ጋ ግን ጸጥታ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል።

የባሰው ስተኛ ነው። ሬዲዮኑን ከጣቢያ አውጥቼ ሽሽ የሚለውን ድምፅ ብቻ ለቅቄ ስተኛ ትንሽ ይሸፍንልኛል። ሽመልስ ግን ባለቤቴ ከመሆኑ በፊት መምህር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም ስሕተት ሲያይ ሳያርም አያልፍም። ከአልጋ ተነስቶ ጣቢያ ፈልጎ ይይዝለታል።

"አስቹ፣ ይሄ ሬዲዮ ጣቢያ ስቷል።"

"ተወው፣ ዝናብ ይመስላል።"

"ዝናብ ከሆነ የፈለግሽው መጋቢት ይመጣልሽ የለም እንዴ?"

አልነገርኩትም። ብነግረው ነገ ጠዋት ሐዋሳ ይወስደኛል። ሐዋሳ ደግሞ የሚያውቁትን አውቀው በወረቀት ይጽፉታል፣ ወረቀቱም ተመልሶ መሥሪያ ቤቴ ይመጣል። የማትሰማ አዋላጅ ምን ታደርጋለች?


የካቲት 23፣ ዓርብ

የክትትል ቀን። አሥራ አራት ነፍሰ ጡሮች።

ዶፕለር የምንላት በባትሪ የምትሠራ የልብ ምት ማሰሚያ ከጥቅምት ጀምሮ ተበላሽታ መሳቢያ ውስጥ ናት። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በእንጨት ማዳመጫዬ ነው። ሰፊው አፍ ሆዷ ላይ፣ ጠባቡ ጆሮዬ ላይ፣ እጄን ለቅቄ፣ ትንፋሼን ይዤ። በአንድ እጄ የእናትየዋን የእጅ አንጓ እይዛለሁ፣ የሷን ምት ከልጁ ምት እንዳላምታታ። ድሮ እንዴት ይሰማኝ እንደነበር ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። ከግድግዳ ወዲያ ያለ ሰው በጣቱ ጫፍ ጠረጴዛ ሲቆረቁር ዓይነት ነበር፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ማንንም የማይጠብቅ። ስሰማው ሁልጊዜ ፈገግ እል ነበር። እናቶቹ እኔን አይተው ነው ፈገግ የሚሉት።

ዛሬ ጥሩ ነበር። ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሆዳቸው ለወራቸው ልክ ነው፣ ልጆቹም ይራገጣሉ። የሚራገጥ ልጅ ልብ አለው። መቶ አርባ ብዬ ጻፍኩ።

ወደ ቤት ልሄድ ቦርሳዬን ለማንሳት ስመለስ ሩቲ፣ አብራኝ የምትሠራው ወጣቷ አዋላጅ፣ መዝገቡን ገልጣ ለአበራ ታሳየዋለች። አበራ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው። "የሲስተር አስቻለች ልጆች ሁሉም አንድ ልብ ነው ያላቸው" ትለዋለች እየሳቀች። እሱም ሳቀ። ክፋት የለባትም፣ ቀልድ ነው። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ከዚያ ሳል አሰማሁ።


የካቲት 28፣ ረቡዕ

138። 144። 136። 142። 146።

እንደዚህ ይሻላል።


መጋቢት 5፣ ረቡዕ

ለሐኪሙ፦ አዲስ ነገር አለ። ከጭውታው ሥር ምት ገብቷል። ዶም፣ ዶም፣ ዶም። ዳገቱን ስወጣ ይፈጥናል፣ ስቀመጥ ይረጋል። ትራስ ላይ በግራ ስተኛ የባሰ ነው። ደም ብዛቴን ለካሁ፣ ያስፈራል የሚባል አይደለም።

አበራ ጠራኝ። ለወረዳው ሁለት ዶፕለር መጥቷል፣ አስቸኳይ ብሎ የጠየቀ ቀድሞ ይወስዳል አለኝ። "እንጻፍ ወይ ሲስተር? በጣም ያስፈልገናል?" አስቸኳይ የሚለውን ብጽፍ ለምን ይባላል። "እኔ እያለሁ ምን ያስቸኩላል" አልኩት። ደስ አለው። "እውነትሽን ነው፣ ያንቺ ጆሮ ከማሽን ይበልጣል" አለኝ። ዶፕለሮቹ ሌላ ቦታ ሄዱ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ራሴን አመመኝ። ምሳ አልበላሁም።


መጋቢት 9፣ እሑድ

ተረኛ ነኝ። ሰው የለም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

ጠዋት አረጋሽ የምትባል እናት እናቶች ማቆያው ገባች። መንደሯ ወደ ቀይ አፈር ከተማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ምጥ ከመጣ መኪና ስለማይገኝ ቀኗ ሲቃረብ እዚህ ከኛ ጋር እንድትቆይ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልካታለች። ባሏ ጅሩ በሰው ሞተር አምጥቷት እንደ ዕቃ ቀስ አድርጎ አወረዳት። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፣ ይህ ሦስተኛዋ ነው። በአሪኛ ነው የምናወራው፤ እኔም አሪ ነኝና እናቶች ደስ ይላቸዋል።

"ይሄኛው እንደ እህቶቹ አይደለም" አለችኝ ሆዷን እየደባበሰች። "ይረግጣል። ለአባቱ በሬ ሳይሆን አይቀርም የሚሆነው።"

ጅሩ አፈር ያለበትን ኮፍያውን አውልቆ ሳቀ። እጄን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ እውነትም ረገጠኝ። ማዳመጫውን አላወጣሁትም፣ ምን ያደርግልኛል። መቶ አርባ ሁለት።


መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል፣ አጭር ነው የምጽፈው።

ጠዋት ማቆያውን ስዞር አረጋሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ልጁ ጸጥ ብሏል አለችኝ። እናቶች ይህን ይላሉ። ቢሆንም አስተኝቼ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ጭውታው ብቻ ነበር፣ ልቤ ደንገጥ አለ። ቦታ ቀየርኩ፣ ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ። ከዚያ መጣ። ዶም ዶም ዶም፣ ፈጣን፣ ጥርት ያለ። አንጓዋን ያዝኩ፦ የሷ ሰማንያ አራት ነው። ይሄኛው መቶ ሃያ ስድስት። የተለያዩ ናቸው፣ ስለዚህ የልጁ ነው። ስንት ወር ሆኖኝ ነበር እንደዚህ ከሰማሁ!

"እየሮጠ ነው" አልኳት።

ተነፈሰች። ቀርቦላት የነበረውን ገንፎ ሳበች።


መጋቢት 16፣ እሑድ

እንደገና ጠራችኝ። አይረግጥም አለች። መቶ ሃያ። መጨረሻ ላይ ቦታ ስለሚጠባቸው ይተኛሉ አልኳት። ለብዙ እናቶች ያልኩት ነው። ሰምቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ።


መጋቢት 17፣ ሰኞ

ምጥ ጠዋት። ተረኛዋ ሩቲ። ስገባ ልጁ ተወልዶ ነበር።

ወንድ። ሞቶ።

ቆዳው መላጥ ጀምሯል።

አረጋሽ አላለቀሰችም። እኔን ነው ያየችው።


መጋቢት 18፣ ማክሰኞ

ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። አበራም እንደዚያ ነው ያለው፣ "የትም ብትሆን የሚሆን ነው" ብሎ። ይህ በየቦታው የሚያጋጥም ነው። አንዳንዱ እትብቱ ይቋጠራል፣ አንዳንዱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር።

ጅሩ ልጁን በአረጋሽ ነጠላ ጠቅልሎ አቅፎ ሄደ። ሞተሩን የያዘው ሰው ቀስ ብሎ ነዳ።

ጭውታ፦ ሌሊቱን ሙሉ፣ በሁለቱም ጆሮ።


መጋቢት 20፣ ሐሙስ

ሞቶ ለተወለደ ልጅ ሁሉ የሚሞላ ቅጽ አለ። አበራ ከመዝገቡ እያየ ሞላው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። "የልብ ምት ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው" ይላል አንዱ ጥያቄ። "እሑድ መጋቢት 16፣ 120፣ ሲስተር አስቻለች" ብሎ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አቁሞ አሰበ።

"እሑድ ካለ" አለ፣ "ሰኞ ነው የሞተው ማለት ነው። ምጥ ላይ።"

ሰኞ ምጡ ላይ ተረኛ የነበረችው ሩቲ ናት።

"ሩቲ ስትገባ ምንም አልሰማሁም ብላለች" አለ። "ቆዳውም ተልጦ ነበር ትላለች፣ ቢያንስ አንድ ቀን ያለፈው ነው ትላለች። ግን አንቺ እሑድ ሰምተሻል። ማንን እንመን? ልጅቷ ገና ናት፣ ተደናግጣ ይሆናል።" ወደ እኔ ዞሮ "በእርግጥ ሰምተሻል አይደል?" አለኝ።

ሰምቻለሁ አልኩ። ሰምቻለሁ እኮ።

ሩቲ የሙከራ ጊዜዋ ሚያዝያ መጨረሻ ነው የሚያልቀው። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሚያዝያ 22 ይቀመጣል። ጥፋት ከተገኘባት ቋሚ አትሆንም። እናቷ ቀይ አፈር መንገድ ዳር ሻይ እየሸጠች ነው ያስተማረቻት።


መጋቢት 24፣ ሰኞ

ሩቲ ጓንት እየቆጠርን ሳለ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሲስተር፣ እሑድ በደንብ ተሰምቶሽ ነበር? ለመክሰስ አይደለም። ለራሴ ማወቅ ፈልጌ ነው። አንድ ያጠፋሁት ነገር ካለ ልማርበት።"

ምን እንዳልኳት ልጻፈው፣ ይታይልኝ። "አንቺ ስትወለጂ እኔ አዋላጅ ነበርኩ" አልኳት። ጓንቱን መቁጠር ቀጠለች። ቁጥሩ ተሳስቶባት እንደገና ከአንድ ጀመረች።

እንደዚህ ዓይነት ሰው አልነበርኩም። ወይም ነበርኩ፣ የሚያጋልጠኝ ነገር አልገጠመኝም እንጂ።


መጋቢት 30፣ ፋሲካ

ዶሮ፣ እንግዳ፣ ጫጫታ። ጫጫታ ጥሩ ነው። ሩቲ "መልካም ትንሣኤ ሲስተርዬ" ብላ መልእክት ላከችልኝ። አልመለስኩላትም። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት።


ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ

ይህን ለሐኪሙ አላሳይም።

ሽመልስ ከገበያ ትልቅ ዱባ ገዝቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሊታጠብ ወጣ። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሐሳብ ሲመጣብኝ ሳባርረው ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ይመጣል፣ እሱን አባርሬ ስለ ሽንኩርት አስባለሁ፣ ጸሎት ላይ ይመጣል። ዱባውን ሳየው ማባረር አቃተኝ። ማዳመጫዬን ከቦርሳ አወጣሁ። ሰፊውን አፍ ዱባው ላይ አድርጌ ጆሮዬን ጫንኩ። እጄን ለቀቅሁ። ትንፋሼን ያዝኩ።

ዱባው ልብ አለው። ዶም፣ ዶም፣ ዶም። ጥርት ያለ። በሰዓት ቆጠርኩ፣ ዘጠና ስድስት።

ከዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። የራሴን አንጓ ያዝኩ። በጣቴ የሚመታውና በጆሮዬ የሚመታው አንድ ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው ለቅጽበት አይቀድምም። ስደነግጥ ሁለቱም አብረው ፈጠኑ። መቶ አራት። መቶ አሥራ ሁለት። ያን ቅዳሜ አረጋሽ ላይ ሳጎነብስ ፈርቼ ነበር። ፈርቼ ስለነበር ነው የሮጠው። የእናትየዋን እጅ ይዤ የሷ አለመሆኑን አረጋገጥኩ እንጂ የኔ ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም። እየሮጠ ነው ያልኳት የራሴን ልብ ነው።

ሽመልስ ፎጣ ትከሻው ላይ አድርጎ በር ላይ ቆሟል።

"ወንድ ነው ሴት?" አለኝ።

ልስቅ ብዬ አልሆነልኝም፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጆሮዬ፣ ስለ መቶ አርባ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ሩቲ። አላረመኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ አላረመኝም። ሲመሽ ሬዲዮኑን እሱ ራሱ ከጣቢያ አወጣውና አልጋው አጠገብ አስቀመጠልኝ።


ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱንም ልጻፈው። መንቀሳቀስ ያቆመ ልጅ ሁሉ የሞተ አይደለም። አንዳንዱ ተዳክሞ ነው ጸጥ የሚለው፣ በጊዜ ሆስፒታል ከደረሰ በቀዶ ሕክምና የሚተርፍ አለ። ይህን ለተማሪዎች ራሴ አስተምሬዋለሁ። ጂንካ ከኛ ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ "ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር" የሚለውን ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ጽሑፉ ግን የኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሕያው ነበር ወይስ አልነበረም? ሊነግረኝ የሚችለው ያ ጆሮ ብቻ ነበር።


ሚያዝያ 12፣ ዓርብ

በክትትል ቀን ማዳመጡን ለሩቲ ሰጠኋት። ጀርባዬን አሞኛል አልኩ። ሌላ ውሸት፣ ግን ቢያንስ የዛሬዎቹ ቁጥሮች እውነት ናቸው። 131፣ 152፣ 127። ሁሉም የተለያዩ ናቸው። እንደዚያ መሆን ነበረበት ለካ።


ሚያዝያ 18፣ ሐሙስ

የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው። ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ሄድኩ። ሽመልስ ልሸኝሽ አለ፣ እምቢ አልኩት። ከኮሚቴው በፊት ልጁ የሷ ለሆነችው መናገር አለብኝ ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ኮሚቴው ይቀለኛል።

አረጋሽን ጎደሬ ከሚሸጡት ሴቶች መካከል አገኘኋት። ከስታለች። ስታየኝ ሁለት ክምር ጎደሬ ወደ ጎን ገፍታ ማዳበሪያ ጆንያ አነጠፈችልኝ። "ተቀመጪ ሲስተር" አለችኝ። እዚያ ጆንያ ላይ መቀመጥ እንዴት እንደከበደኝ።

የገበያው ጫጫታ ጆሮዬን ስለሞላው ዝቅ ብዬ አጠገቧ ሆኜ በአሪኛ ነገርኳት። ጆሮዬ ታሟል አልኳት። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የልጆች ልብ አይሰማኝም፣ ለማንም አልተናገርኩም። ያን ቀን የሰማሁት የልጅሽን አይደለም፣ የራሴን ነው። እያወቅሁ አይደለም፣ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

አንዲት ሴት መጥታ ጎደሬ መረጠች፤ አረጋሽ ለክታ ሰጠቻት፣ ሂሳቡን ተቀብላ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ነው የተናገረችው።

"ዓርብ ማታ ነው ያቆመው" አለች። "ገንፎ እየበላሁ ነበር። አንዴ በኃይል ዞረ፣ ከዚያ በቃ። ያኔውኑ አውቄያለሁ። ጠዋት ነገርኩሽ።"

"ነግረሽኛል።"

"አንቺ ደግሞ እየሮጠ ነው አልሽኝ። ሆዴን ትቼ ጆሮሽን አመንኩ። አንቺ የተማርሽ ነሽ ብዬ። እሑድ ጅሩ ሊጠይቀኝ መጥቶ ስም አወጣንለት።"

ስሙን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

"ቅዳሜ ጂንካ ብትልኪኝ ይተርፍ ነበር?" አለችኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ስል የኖርኩት መልስ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። "አላውቅም" አልኳት። "ሊተርፍ ይችል ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጎደሬውን እንደገና ማስተካከል ጀመረች፣ አንዱን በአንዱ ላይ። ሂጂ እስክትለኝ ጠበቅሁ፣ አላለችኝም።

"ዓርብ ማታ ብዬ የነገርኩሽ ተጽፏል?" አለች ሳታየኝ።

"አልተጻፈም።"

"ለምን?"

"ወረቀቱ ላይ እናት ያለችው የሚጻፍበት ቦታ የለም።"

"ቦታ ፈልጊለት" አለችኝ።

ስነሳ ጎደሬ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ሒሳብ ልስጥ ብል አልተቀበለችኝም። በቁጣም ሳይሆን በይቅርታም ሳይሆን፣ ገበያ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ስለማይሸኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው መጣሁ።


ሚያዝያ 22፣ ሰኞ

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሩቲ ነጭ ጋዋኗን አጥባና ተኩሳ ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አበራ ቅጹን አንብቦ ጨርሶ "ሲስተር የምትጨምሪው አለ?" ሲል ተነሳሁ። ከየካቲት ጀምሮ ያሉት መቶ አርባዎች የፈጠራ ናቸው አልኩ። ከጥቅምትም ሊሆን ይችላል። ዶፕለሩ አያስቸኩልም ያልኩት እንዳይታወቅብኝ ነው አልኩ። እሑድ የሰማሁት የራሴ ልብ ነው አልኩ። አንዱ የኮሚቴ አባል አልገባውም፤ ስለ ዱባው መናገር ነበረብኝ። ማንም አልሳቀም።

አበራ "ለምን ሲስተር?" አለኝ። ጠዋት ስገባ ወንበር የሚስብልኝ ሰው ነው። ፈርቼ ነው አልኩ፣ እሱም እውነት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ማዋለጃ ክፍል አልገባም። ካርድ ክፍል ተመድቤያለሁ፣ ጉዳዬ ወረዳ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። የሐዋሳውን ወረቀት ለሽመልስ ሰጥቼዋለሁ፣ ነገ ማክሰኞ እንሄዳለን። እዚያ ድምፁ ሲያልቅ ንገሪኝ ቢሉኝ አያልቅም እላቸዋለሁ። ሩቲ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። ታቅፈኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላቀፈችኝም። "ጓንቱ ሁለት መቶ አሥር ነው" አለችኝ። "ያኔ የተሳሳተብኝ።" ማዳመጫዬን ሰጠኋት። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ።

ቅጹን አበራ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ነበር፣ አርሜ እንድፈርም። "የልብ ምት ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው" ከሚለው ፊት ያለውን በአንድ መስመር ሰርዤ "አልተሰማም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቦታ ፈለግሁ። ከታች ሞልቷል፣ ከጀርባው ሌላ ጥያቄ አለ። በግራ ጠርዙ ላይ፣ ወረቀቱን አዙሬ፣ ፊደሌን አሳንሼ ጻፍኩት።

እናቱ አረጋሽ፦ ዓርብ መጋቢት 14 ማታ ገንፎ እየበላሁ ሳለሁ አንዴ በኃይል ዞሮ ቆመ ብላ ቅዳሜ ጠዋት ነግራኛለች። አላመንኳትም።